የጎደለው የት ሄደ? የአሮጌ መኪና የሥራ ማስታወሻ

መኪናዋ 1.3 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅል) ያላት፣ በኋላ ጎማ የምትነዳ፣ ባለ 5 ማርሽ ናት። ከአጎቴ ስረከባት 2 ዓመት ያህል ቆማ ነበር። ቆጣሪዋ 214,380 ኪሎ ሜትር ይላል። ማሳመር አልፈለግኩም፤ ቀለሟም መቀመጫዋም ይቆይ። መንገድ ላይ የማታስቀረኝ እንድትሆን ብቻ ነው የምሠራው።

ሳምንት 1፦ ልኬት ብቻ

ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት ያለውን ሁሉ በደብተር አሰፈርኩ። የሞተር ዘይት ጥቁር፣ ከዝቅተኛው ምልክት በታች። የራዲያተር ውሃ የዛገ ብረት ቀለም፣ ሁለት ጣት የጎደለ። የፍሬን ዘይት የጠቆረ፣ በሁለቱ ምልክቶች መሃል። ባትሪው ከ6 ክፍሎቹ በ2ቱ ውሃው ወርዶ ሳህኖቹ ይታያሉ። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እና የዲፈረንሻል (የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው የማርሽ ቤት) ዘይት አልተለካም፤ ቡሎኖቹ አልፈታ ብለዋል።

ማታ ከሞተሩ ሥር እስከ ካምቢዮው የሚደርስ ካርቶን ዘረጋሁ። የጎማዎቹን ቦታ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ስላመለከትኩ ጠብታው ከየት እንደ ወረደ መለየት ይቻላል። ጠዋት 2 ጠብታ አገኘሁ፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ከዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ሥር። ቀለም ብቻውን ያሳስታል፤ ማሽተትና በጣት ማሸት ይጨምሩበታል። የካምቢዮ ዘይት ድኝ ድኝ ይላል። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ የነካውን ቀለም ያነሳል። ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የሚጣፍጥ ሽታ አለው፤ መርዝ ስለሆነና ጣዕሙ እንስሳትንም ልጆችንም ስለሚስብ፣ የፈሰሰበት እቃ ክፍት ሆኖ እንዲያድር አልፈቅድም።

የመጀመሪያው ስህተቴም የዚህ ሳምንት ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያወጣሁት መኪናዋ ተዳፋት ላይ ቆማ ሳለ ነበር። ጎደለ ብዬ 1 ሊትር ጨመርኩ። ገፍተን ሜዳ ላይ ካደረስናት በኋላ ስለካው ዘይቱ ከከፍተኛው ምልክት በአንድ ጣት አልፎ ተገኘ። የበዛ ዘይት ከጎደለ ዘይት የሚሻል ይመስለኝ ነበር፤ አይደለም። የሞተሩ ዘንግ ሲዞር ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ የዘይት ፖምፓው (ፓምፑ) ደግሞ አረፋን እንደ ዘይት መግፋት አይችልም፤ ግፊቱ ሲያይል ፓራኦሊዮዎቹም (የዘይት ማገጃ ጎማዎቹ) ማፍሰስ ይጀምራሉ። በመለኪያው ቀዳዳ ቀጭን ጎማ ቱቦ አስገብቼ በትልቅ መርፌ ግማሽ ሊትር ያህል ሳብኩ።

ከዚያ ወዲህ አለካኬ አንድ ነው። ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ከጠፋ 10 ደቂቃ ቆይቶ፣ ዘንጉን አውጥቶ መጥረግ፣ እስከ መጨረሻው አስገብቶ እንደገና ማውጣት፣ ሁለቱንም ፊት ማየትና ዝቅ ያለውን መያዝ።

ባትሪው ብሞላውም ቻርጅ አልይዝ አለ። አዲስ ገዛሁ። እስካሁን ካወጣሁት ወጪ ትልቁ ይህ ነው።

ሳምንት 2፦ ዘይትና ፍልትሮ

መመሪያው 20ደብልዩ-50 (የዘይት ውፍረት ደረጃ) ይላል። ያረጀ ሞተር ስለሆነ ከዚህ የቀጠነ አልሞከርኩም። ማፍሰሻው ቡሎን ሥር ያለችውን የመዳብ ቀለበት ለወጥኩ፤ ሁለቱ ጥቁር ጠብታዎች የእርሷ ነበሩ።

አዲሱን ፍልትሮ (የዘይት ማጣሪያ) በእጄ አጥብቄ፣ 3.5 ሊትር ዘይት ሞልቼ ሞተሩን አስነሳሁ። የዘይት መብራቱ ጠፋ፤ ደስ አለኝ። ወዲያው ከጎን የሚንፏፏ ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ዘይቱ በፍልትሮው ዙሪያ እንደ መጋረጃ እየወረደ ነው። ቁልፉን እስካዞር ግማሽ ደቂቃ አልሞላም፤ ግን ወለሉ ላይ ከ2 ሊትር ያላነሰ ዘይት ተኝቷል። ፍልትሮውን ስፈታ ምክንያቱ ታየኝ። የአሮጌው ፍልትሮ ክብ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር፤ አዲሱን ከነጎማው በላዩ ላይ አጥብቄዋለሁ። ሁለት ጎማ ተደራርቦ ግፊት አይችልም።

አሁን አሮጌውን ፍልትሮ ስፈታ መጀመሪያ የማየው ጎማው አብሮ መምጣቱን ነው። ከዚያ የሞተሩን ገጽ በጨርቅ ጠርጌ በጣቴ ዙሪያውን እዳስሳለሁ። አዲሱ ጎማ ላይ ትንሽ ዘይት ቀብቼ፣ ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር አጠብቀዋለሁ። በመፍቻ አላጠብቅም።

ሳምንት 3፦ ራዲያተር

ያለው ፈሳሽ የዛገ ውሃ ነው። ንጹሕ ውሃ ብቻ ሲሞላበት የኖረ ሞተር ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ክፍት አድርጌ አፈሰስኩት፣ የወጣው ውሃ እስኪጠራ 4 ጊዜ አጠብኩት።

ቴርሞስታቱን (ሲሞቅ ለኩላንቱ መንገድ የሚከፍተውን በር) አውጥቼ በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥዬ ቴርሞሜትር አስገባሁ። ጀርባው ላይ 82 ተጽፏል፤ በዚያ ሙቀት መከፈት መጀመር ነበረበት። 90 ላይ ዝም አለ፣ ውሃው ሲፈላ ግማሽ ድረስ ብቻ ተከፈተ። በእንዲህ ያለ ቴርሞስታት ኩላንቱ ሙሉ ሆኖም ሞተሩ ይግላል። አዲሱንም ከመግጠሜ በፊት እዚያው ድስት ውስጥ ሞከርኩት፤ በ83 ተከፈተ። ድስቱ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም።

ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅዬ ሞላሁ። እኩል ቅልቅል ከ0 በታች እስከ 37 ዲግሪ አካባቢ ሳይቀዘቅዝ ይቆያል፤ መፍያውንም ከፍ ያደርጋል። መፍያውን ከሁሉ በላይ ከፍ የሚያደርገው ግን ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የዚህች መኪና ክዳን 0.9 (ግፊቱ በባር) ተጽፎበታል፤ ጎማው ተሰነጣጥቆ ስለነበር ለወጥኩት። ከሁሉም ርካሹ እቃ እሱ ነው።

በ10ኛው ደቂቃ የሙቀት ጠቋሚው በድንገት ወደ ቀይ ወጣ፤ ማሞቂያው ግን ቀዝቃዛ አየር ይነፋል። ሞተሩ ግሎ ማሞቂያው ከቀዘቀዘ ወይ ኩላንቱ ጎድሏል ወይ ውስጥ አየር ታስሯል። አጠፋሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ክዳኑን አልነካሁም፤ በትኩሱ ቢከፈት ግፊቱ ሲለቅ ውሃው በአንዴ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ከቀዘቀዘ በኋላ የመኪናዋን አፍንጫ በክሪክ ከፍ አድርጌ፣ ክዳኑን ከፍቼ ሞተሩን አስነሳሁና የላይኛውን ጎማ ቱቦ እየጨመቅኩ አየሩን አስወጣሁ። ሌላ 700 ሚሊ ሊትር ገባ።

ሳምንት 4፦ ጠፋ የተባለው ኩላንት

በመጠባበቂያው ጠርሙስ ላይ ወረቀት ለጥፌ ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ መስመር አሰምራለሁ። በ5 ቀን አንድ ጣት ጎደለ። ካርቶኑ ደረቅ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚቀናው ነገር መሙላትና መሄድ ነው። አጎቴ እንደዚያ ሲያደርግ ኖሯል፤ ሁልጊዜ አንድ ጀሪካን ውሃ ከኋላ ነበረው። እኔን የሚያስጨንቀኝ የጎደለው መጠን አይደለም፣ የሄደበትን አለማወቄ ነው። ወደ ውጭ የሚሄድ ኩላንት ጎሚኒ (የውሃ ጎማ ቱቦ) ወይም የውሃ ፖምፓ ያስለውጣል፤ ወደ ሲሊንደር ወይም ወደ ዘይት የሚሄድ ከሆነ ግን ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ያስወርዳል።

ለረጅም ዘመን በመካኒክነት የሠሩ ጎረቤቴን አማከርኳቸው።

«ጋሼ፣ ኩላንቱ ይጎድላል፤ ግን የትም አይፈስም።»

«አይፈስም አትበል፤ አላየሁትም በል» አሉኝ። «የሚፈሰው ሲግል ከሆነ መሬት ሳይደርስ ይተናል። መጀመሪያ ግን የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ነጻ አውጣ።»

ጓርኒሲዮኑን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሃል ያለውን ማሸጊያ) ለመመርመር ቅዳሜን ሙሉ ፈጀሁ። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር የለም። የማርሚታው ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነጭ አይደለም፣ አይጣፍጥም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ አስነሳሁ፤ አረፋ አልወጣም። ካንዴላዎቹን (በሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚያስነሱትን) አውጥቼ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ለካሁ፦ 11.4፣ 11.2፣ 11.5፣ 11.3 ባር። እርስ በርስ ተቀራርበዋል። ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው።

እሑድ ማታ ከመንገድ እንደ ተመለስኩ ሞተሩን አጥፍቼ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ በእጅ ባትሪና በትንሽ መስተዋት የውሃ ፖምፓውን ከሥር አየሁት። ፖምፓው አንገቱ ሥር እንደ እርሳስ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለችው። ከቀዳዳዋ በታች ጨው የመሰለ፣ ነጣ ብሎ አረንጓዴ የቀላቀለ ቅርፊት ወደ ሞተሩ አካል ወርዷል። ቅርፊቱ ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ ተንጠልጥላ ነበር። ዓይኔ እያየ ጠበበች፣ ጠፋች፤ በቦታዋ ነጭ ነጥብ ቀረ። ካርቶኑ ለምን ደረቅ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ያቺ ቀዳዳ የተሠራችው ለዚሁ ነው፦ የፖምፓው ውስጥ ማሸጊያ ሲያረጅ ኩላንቱ ኩሽኔታውን ከሚያበላሽ በእርሷ በኩል ወጥቶ እንዲታይ። ማስቲሽ ቀብቶ መድፈን ፖምፓውን መግደል ነው።

ሳምንት 5፦ ፖምፓው

ቺንጋውን ፈትቼ ፖምፓውን ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ይበቃል ብዬ ነበር። 6 ቡሎኖች አሉት። አምስተኛው ተቆረጠ። 6 ሚሊ ሜትር የምትወፍር ቡሎን ሁለት ቀን ወሰደችብኝ።

ዝገት የሚያለሰልስ ዘይት ጨምሬ አሳደርኩ፤ በማግስቱ መሃሉን በነጥብ መምቻ መትቼ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በሳሁት፣ ከዚያ ወደ ግራ የሚጠመዘዝ ማውጫ አስገባሁ። መጀመሪያ ልክ እንደ ተቆረጠ በእልህ ማውጫ ማስገባት ፈልጌ ነበር። ጋሼ ከለከሉኝ። ማውጫው ውስጥ ቢሰበር ብረቱ ከመሰርሰሪያው የጠነከረ ስለሆነ የሚበሳው ነገር አይገኝም። ስድስተኛውን ከመፍታቴ በፊት በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው ገፋሁት፤ ዝገቱ ሲሰበር ጭው የሚል ድምፅ አሰማ፣ ከዚያ በሰላም ወጣ። ስገጥም በኃይል መለኪያ መፍቻ 10 ኒውተን ሜትር ብቻ። ለቀጭን ቡሎን የክንድ ግምት አይሆንም።

ነዳጅ ቱቦውን ከመንገዴ ለማንሳት ፈትቼው ነበር፤ መለስኩት። (ይህን መስመር በ8ኛው ሳምንት ተመልሼ አሰመርኩበት።)

ሳምንት 6፦ ፍሬን

የፍሬን ዘይት፣ ጎማውን ተጭኖ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ባለቀ ቁጥር፣ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ያ ጤናማ ነው። በእኔ ግን በ3 ሳምንት ከምልክቱ 8 ሚሊ ሜትር ወርዷል፣ ሸራው ደግሞ ወፍራም ነው። የኋላውን ግራ ታምቡር (የፍሬኑን ከበሮ) ሳወጣ የጎማው ፍሬን ሲሊንደር ላይ ያለው የአቧራ መከላከያ እርጥብ ነበር። በጣቴ ገልበጥ ሳደርገው ዘይት ወረደ። ሁለቱንም የኋላ ሲሊንደሮች ለወጥኩ፤ አንዱ ካረጀ ሌላውም እኩያው ነው። የራሰው ሸራም ተጣለ፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም።

ዘይቱን በሙሉ ወደ አዲስ ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ደረጃ) ቀየርኩ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ መስፈርቱ ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። በየ2 ዓመቱ መቀየር ያለበት ለዚህ ነው። ዶት 5 የሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 3ም ከዶት 4ም ጋር አይቀላቀልም።

አየር ለማስወጣት እህቴ መሪው ጋ ተቀመጠች። «ጫኚ!» «ያዢ!» ቡሎኑን እከፍታለሁ፣ አረፋ ይወጣል፣ እዘጋለሁ። «ልቀቂ!» ከሩቁ ጎማ ጀመርን። ሦስተኛው ጎማ ላይ በደንብ እየሄደልን ነው ብለን ስንቀጥል የላይኛውን እቃ ማየት ረሳሁ፤ ዘይቱ አልቆ አየር ስቧል። ከመጀመሪያው ጎማ እንደገና። እህቴ ያን ቀን ከ200 ጊዜ በላይ ፔዳል ረግጣለች፤ አንድም ቃል አልተናገረችም፣ ውለታዋን ጽፌ አስቀምጫለሁ። በየ5 ርግጫው እቃውን መሙላት አሁን ጮክ ብለን የምንጠራው ሕጋችን ነው።

ሳምንት 7፦ ካምቢዮና ዲፈረንሻል

መጀመሪያ መሙያውን ቡሎን ፍታ፣ ከዚያ ማፍሰሻውን። ቀድሞ ያፈሰሰ ሰው መሙያው እምቢ ቢለው መኪናዋ ባዶ ካምቢዮ ይዛ ትቀራለች። ለካምቢዮው ጂኤል-4 (የማርሽ ዘይት ደረጃ) ነው የገዛሁት፤ የአንዳንዱ ጂኤል-5 ዘይት ቅመም የማርሹን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል። ለዲፈረንሻሉ ጂኤል-5። ዘይቱ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር ላይ ሲደርስ በቃ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ የነበረው መንቋቋት ቀነሰ።

ሳምንት 8፦ መንገድ ላይ ቆምኩ

እኩለ ቀን፣ ረጅም ዳገት። ሞተሩ ተንተባተበ፣ ጉልበቱ ጠፋ፣ ቆመ። ዳር አውጥቼ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ አቆምኩ። ሙቀቱ ልክ ነው፣ ዘይቱ ልክ ነው።

የቆመ የቤንዚን ሞተር ወይ እሳት አጥቷል ወይ ነዳጅ። ትርፍ ካንዴላ ከአንዱ ገመድ ጋር አገናኝቼ ከካርቡሬተሩ አርቄ አካሉን ሞተሩ ብረት ላይ አስደገፍኩ፤ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሲዞር ሰማያዊ እሳት ዘለለ። እሳት አለ። የአየር ማጣሪያውን ከፍቼ ቤንዚን መስጫውን በእጄ ስገፋ ካርቡሬተሩ ውስጥ ምንም አልረጨም። ነዳጅ የለም፤ ታንከሩ ግን ከግማሽ በላይ ነው። የሚያሳየው ትንሽ የነዳጅ ፍልትሮ ውስጥ አረፋ ብቻ ይንቀለቀላል።

የነዳጅ ቱቦውን ስነካው እጄን አቃጠለኝ። በ5ኛው ሳምንት ስመልሰው በቦታው አላሰርኩትም፤ ቴርሞስታቱን የያዘው ብረት ላይ ተደግፎ ሲጠበስ ከርሟል። የቤንዚን ቀላሉ ክፍል 40 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራል። ቱቦው ውስጥ ተን ሲሆን ፖምፓው የሚገፋው ፈሳሽ አጣ። ቱቦውን ከብረቱ አላቅቄ በሽቦ አራቅኩት፣ ነዳጅ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ አስቀመጥኩ፣ 25 ደቂቃ ጠበቅኩ። በአራተኛው ሙከራ ተነሳች። ማታ ቱቦውን በ2 መያዣ በቀድሞው መንገድ አሰርኩት። ጠግኜ ስጨርስ የነካሁትን ቱቦና ገመድ ሁሉ አንድ በአንድ በእጄ እየነካሁ መፈተሽ ከዚያ ቀን ጀመርኩ።

ሳምንት 9 እና 10፦ የሚጠማው ባትሪ

አዲሱ ባትሪ በ2 ወር ውስጥ ውሃው በሁሉም ክፍል 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወርዷል። ሲገዛ ከሳህኖቹ በላይ 10 ሚሊ ሜትር ነበር። መጀመሪያ የተጣራ ውሃ ጨምሬ ሙቀት ነው ብዬ ተውኩት። በሳምንቱ እንደገና ወረደ። ያኔ ደብተሩን ገልጬ የሳምንት 1ን ገጽ አነበብኩ፦ «ሳህኖቹ ይታያሉ»። አሮጌውን ባትሪ የገደለው ነገር መኪናዋ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ባትሪ ለወጥኩ እንጂ ምክንያቱን አልፈለግኩም።

ቴስተር አገናኘሁ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት፤ ደህና። ሞተሩ እየሠራ 15.3። ከ14.4 አካባቢ መብለጥ አልነበረበትም። ከመጠን በላይ ቻርጅ ሲደረግ ውሃው ወደ ጋዝ ተለውጦ ይወጣል፤ ጋዙም ይፈነዳል፣ ስለዚህ እሳት አላስጠጋሁም።

የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረውን ሬጉላተር ልገዛ ስል ጋሼ «መሬቱን አይተኸዋል?» አሉ። መሬት ያሉት ሬጉላተሩ በብረት አካሉ በኩል ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚገናኝበትን ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የሬጉላተሩ ብረት ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አደረግኩ። 1.1 ቮልት። ወደ ዜሮ መጠጋት ነበረበት። ሬጉላተሩ የታሰረበት ቡሎን ሥር ቀለምና ዝገት አለ። በዚያ ምክንያት ሬጉላተሩ የሚያየው ቮልት ከእውነተኛው ያነሰ ነው፤ ጎደለ ብሎ ዲናሞውን እየገፋ ባትሪውን ያፈላዋል። በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈገፈግኩት፣ ቡሎኑን ለወጥኩ። 14.2 ቮልት። የወጣው ወጪ አንድ ቡሎንና አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ነው።

ሳምንት 11 እና 12፦ ዘይት ትበላለች

ከሳምንት 2 እስካሁን ሞተሩ 1.1 ሊትር ዘይት ጎድሎበታል፤ በ1,700 ኪሎ ሜትር። ካርቶኑ ንጹሕ ነው። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ለጥቂት ሰከንድ ታወጣለች፣ ከዚያ ይጠፋል። ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ወርጄ ነዳጅ ስሰጥም ያው ጭስ ይመጣል። የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) ቢሆን ጉልበት ስትጠየቅ ሁሉ ታጨስ ነበር፣ ኮምፕሬሽኑም ይወርድ ነበር። የሚያፈሰው የቫልቮቹ ጎማ ነው።

ጎማዎቹን አልለወጥኩም። ሥራው የቫልቭ መጫኛና ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የተጨመቀ አየር ይፈልጋል፤ ሁለቱም የሉኝም። በዚህ መጠን ሞተሩን አይጎዳም፣ እስኪደርቅ ካልተተወ። ስለዚህ በየ500 ኪሎ ሜትሩ እለካለሁ፤ በ1,000 ኪሎ ሜትር ከ1 ሊትር ካለፈ ቴስታታውን እከፍታለሁ።

ከኋላ የያዝኩት ሳጥን፦ 1 ሊትር ዘይት፣ 2 ሊትር የተቀላቀለ ኩላንት፣ ትርፍ ቺንጋ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ የላይኛው ጎሚኒ ከነማሰሪያው፣ ፊውዞች፣ ቴስተር፣ 10፣ 12 እና 14 ቁጥር መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሽቦ፣ ጨርቅ፣ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ። የፍሬን ዘይት አልያዝኩም፤ መንገድ ላይ የፍሬን ዘይት ከጎደለኝ ሞልቼ አልነዳም፣ አስጎትታለሁ።

የዛሬ ልኬት፣ 216,120 ኪሎ ሜትር፦ ዘይት ከከፍተኛው ምልክት 4 ሚሊ ሜትር በታች። ኩላንት በመስመሩ ላይ፣ 6ኛ ሳምንቱ። ፍሬን አልወረደም። ባትሪ 10 ሚሊ ሜትር። ካርቶን ደረቅ፤ ግን ከዲፈረንሻሉ ሥር የአቧራው ቀለም ጠቆር ብሏል። ጠርጌ ቀኑን ጻፍኩበት።